ብርዱ ሳይገባ፦ ስለ ከሰል፣ ስለ ማገዶና ስለ ግቢ ሥራ መሣሪያ

(በኅዳር ወር መጀመሪያ ኮባር፣ ቱቅባ ውስጥ በተደረገው የማኅበራችን የዓርብ ስብሰባ ላይ አንዲት የቤት ሠራተኛ እህታችን ያደረገችው ንግግር ነው። እረፍት አጥታችሁ መምጣት ላልቻላችሁ እንዲደርሳችሁ ራሷ ጽፋ ሰጥታናለች።)

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ማዳምን ለምናችሁ፣ ሌሎቻችሁ ከደማም ድረስ የታክሲ ገንዘብ ከፍላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

እንደምታውቁኝ ብዙ የተማርኩ አይደለሁም። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነው የመጣሁት። ስለ ማገዶና ስለ እሳት ተናገሪ ስባል መጀመሪያ ሳቅሁ። ማገዶ ለእኛ ሰው ትምህርት ይሆናል እንዴ? እኔ የደቡብ ወሎ ልጅ ነኝ። ገና ልጅ ሳለሁ ጭራሮ ለቅሜያለሁ። ከፍ ስል ደግሞ ፍልጥ በጀርባዬ ተሸክሜ ገበያ ወርጃለሁ። እሳት ማንደድ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ እናቴን እያየሁ ነው የለመድኩት። እዚህ ያለን አብዛኞቻችን እንደዚሁ ነን። ስለዚህ ማዳም "እሳቱን አንድጂ" ስትል ሳንጠይቅ እንነሳለን። "አውቀዋለሁ" እንላለን።

ዛሬ የምነግራችሁ፣ ይሄ "አውቀዋለሁ" ማለት እኔን ሊገድለኝ እንደነበር ነው።

ባለፈው ጥር የደረሰብን

ብርዱ ሲገባ እዚህ አገር ቤተሰቡ ሁሉ ከሽታ ይወጣል። ድንኳን ተተክሎ፣ ሥጋ ተጠብሶ፣ ሻይ ተፈልቶ በረሃ ላይ ይታደራል። ለነሱ መዝናኛ ነው፣ ለእኛ ሥራ ነው። እቃውን የምንጭነው፣ የምናወርደው፣ ከሰሉን የምናቀጣጥለው፣ በመጨረሻም አመዱን የምናነሳው እኛ ነን።

ባለፈው ጥር እኔና አንዲት ታላቄ አብረን ሄድን። እሷ የማዳሜ እህት ቤት ነው የምትሠራው። እታለም እያልኩ ነው የምጠራት። ለኛ ለሁለታችን ትንሽ ድንኳን ተሰጠን። ውስጧ በላስቲክ የተለበጠች፣ በዚፕ የምትዘጋ ናት። ሌሊቱ በጣም በረደ። በረሃ ቀን ቢሞቅም ሌሊት እንዴት እንደሚበርድ የወጣችሁ ታውቁታላችሁ። ሰዎቹ ሥጋ የጠበሱበት መንገል ላይ ፍሙ እንዳለ ቀርቷል።

ማንም አላዘዘንም። እኔ ነኝ "እታለም፣ እሱን ፍም እናስገባው" ያልኩት። እሷ ትንሽ አመነታች። "ጭሱ አልቋል እኮ፣ ቀይ ፍም ብቻ ነው፣ ምን ያደርጋል?" አልኳት። በብረት ሳህን አድርገን አስገባን፣ ዚፑን ዘጋን፣ ተኛን።

መጀመሪያ ራሴን አመመኝ። ቀኑን ሙሉ ስለሠራሁ ድካም መሰለኝ። ከዚያ ልቤን አጥወለወለኝ። ልነሳ ስል እግሬ የኔ አልሆነም። ጆሮዬ ይሰማል፣ አካሌ ግን አይታዘዝም። ህልም ይሁን እውነት መለየት አልቻልኩም። እታለም ለሽንት ልትወጣ ብላ ተነሳች፣ ዚፑን ትንሽ እንደከፈተች ጉልበቷ ከድቷት በሩ ላይ ወደቀች። ግማሽ አካሏ ውጭ ሆነ። ያ አወዳደቅ ነው ያተረፈን። በሩ ተከፍቶ ቀዝቃዛ አየር ገባ። ሹፌሩ የወደቀችበትን ድምፅ ሰምቶ መጣ፣ ሁለታችንንም ጎትቶ አወጣን።

ሆስፒታል ሄደን ኦክስጅን ተደረገልን። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አትነሱም ነበር አለን። እኔ ለሦስት ቀን ራሴን አመመኝ። እታለም ከዚያ በኋላ አገሯ ገብታለች፣ ፈጣሪ ይመስገን በጤናዋ። ይሄን እንድናገር ፈቃዷን ጠይቄያታለሁ። "ንገሪያቸው፣ ሌላ ሰው እንዳይሞት" ነው ያለችኝ።

ፍም ለምን ይገድላል?

ከዚያ በኋላ ጠየቅሁ፣ አነበብኩም። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደማችን ከሳንባ ኦክስጅን ተሸክሞ ወደ ልብና ወደ አንጎል ያደርሳል። ይሄ ጋዝ ሲገባ ደማችን ኦክስጅኑን ትቶ እሱን ይሸከማል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል ማለት ነው። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ምንም ሳያውቅ ከእንቅልፍ ወደ ሞት ያልፋል።

እኛን የሚያታልለን ጭሱ ነው። ጭስ ካለ እንፈራለን፣ እንወጣለን። ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ቀይ ሲሆን "አሁን በሰለ" ብለን እናስገባዋለን። ጋዙ ግን ያኔም አለ። አመድ ብናለብሰውም አለ። ፍሙ እስኪጠፋ ድረስ ለብዙ ሰዓት ማውጣቱን አይተውም።

"ታዲያ እናታችን ቤት ለምን አልገደለንም?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም ይሄንኑ ጠይቄያለሁ። የእናቴ ቤት ጭስ በሣሩ ክዳን ይወጣል፣ በግድግዳው ስንጥቅ ንፋስ ይገባል፣ በሩም ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። እዚህ ያለው ቤት ለአየር ማቀዝቀዣ ተብሎ የተሠራ ነው። መስኮቱ አሉሚኒየም ነው፣ ጎማ አለው፣ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። የሠራተኛ ክፍል ደግሞ ጠባብ ናት፣ አንዳንዷ መስኮት የላትም። ድንኳኑም ላስቲክ ነው። በአገራችንም ቢሆን በብርድ ጊዜ ከሰል አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ የለም። እዚህ አገርም ሲቪል ዲፌንስ የሚባሉት የእሳት አደጋ ሰዎች በየዓመቱ ብርዱ ሲመጣ ስለዚሁ ያስጠነቅቃሉ።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይቺን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ፍም የምትተኙበት ቦታ አይግባ። ጥቂትም ቢሆን፣ ለአምስት ደቂቃ ማሞቂያም ቢሆን አይግባ። "መስኮት ትንሽ ከፍቼ" የሚባለውም አይሠራም፣ ምክንያቱም ሲበርደን እንዘጋዋለን።

ቡናችንንም በዚሁ አስቡት። ዓርብ ከሰዓት ክፍላችን ውስጥ ተሰብስበን፣ ከሰል አያይዘን፣ ዕጣን አጢሰን፣ ማዳም እንዳትሰማን በሩን ዘግተን የምንጠጣው ቡና አለ። በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉት። ከሰል የግድ ካላችሁ ግቢ አውጡት። ቡናው በኤሌክትሪክም ይጥማል።

እንዲህ ሲሆን የምታዩት ምልክት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት፣ ግራ መጋባት ነው። ጉንፋን ይመስላል። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች አብረው ከታመሙና ወደ ውጭ ሲወጡ ከተሻላቸው ጉንፋን አይደለም። ያኔ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ፣ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡት፣ 997 ደውሉ፣ አምቡላንስ ነው። ካስታወከ በጎኑ አስተኙት። ወተት መጋት፣ ሎሚ ማሽተት የሚባለው ጊዜ ይበላል እንጂ አያድንም። ራሱን ለሳተ ሰው መጠጥ መስጠት ደግሞ ያንቀዋል። ሆስፒታል ስትደርሱ "ፈሕም" ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ጣት ላይ የምትሰካው ትንሿ የኦክስጅን መለኪያ ይሄን ጋዝ ለይታ ስለማታውቅ ደህና ነው ልትል ትችላለች። ደም መመርመር ያስፈልጋል። እርጉዝ ሴትና ሕፃን ካለ ደግሞ ከሁሉም በላይ ቸኩሉ።

የምትጮኸው ትንሽ እቃ

ይሄን ጋዝ አሽትታ የምትጮህ ትንሽ ማሽን አለች። በባትሪ ትሠራለች፣ መዳፍ ታክላለች። እኔ አሁን የራሴ አለችኝ፣ ከ100 ሪያል በታች ነው የገዛኋት። ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የጭስ መጠቆሚያ እንዳይሰጧችሁ። የጭስ ሌላ ነው፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ሌላ ነው፣ ሲታዩ ግን ይመሳሰላሉ። ሁለተኛ፣ ካርቶኑ ላይ 50291 የሚል ቁጥር ፈልጉ፣ ለዚህ ጋዝ መጠቆሚያ የወጣ የጥራት ደረጃ ቁጥር ነው። ሦስተኛ፣ የማብቂያ ዓመቱን አንብቡ። ባትሪ ብትቀይሩላትም ውስጧ ያለው መለኪያ ዕድሜ አለውና ለዘላለም አታገለግልም። ከመተኛታችሁ በፊት ቁልፏን ተጭናችሁ መጮኋን አረጋግጡ። ይቺ እቃ አለችኝ ብላችሁ ግን ፍም እንዳታስገቡ። እሷ ለስህተት ነው እንጂ ለፈቃድ አይደለችም።

በከሽታ ላይ ጄኔሬተርም አለ። ከሱ የሚወጣውም ያው ጋዝ ነው፣ ያውም በብዛት። ከድንኳኑ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ፣ የጭስ ማውጫው ወደ ሰው አይዙር። ጠፍቶ ሳይቀዘቅዝ ቤንዚን አትጨምሩበት።

ስለ እንጨቱ

እዚህ የሚሸጠው እንጨት ብዙ ዓይነት ነው። በብዛት የምትሰሙት ሰምር የሚሉትን ነው። ሰምር ማለት የእኛው ግራር ነው፣ ወደ ባቲና ከሚሴ ቆላ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ከባድ ነው፣ ፍሙ ይቆያል። ለደጋ ልጅ ግን አዲስ ነው። እኛ የለመድነው ባሕር ዛፍ ነው፣ አንዴ ስትመቺው ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። ሰምር እንደዚያ አይታዘዝም፣ ጠማማና ቋጠሮ የበዛበት ነው። ደረቁን ስትመቺው ስንጥሩ እንደ ጥይት ይወጣል።

ደረቅ እንጨት በምን ይታወቃል? ጫፉ ይሰነጣጠቃል፣ ቅርፊቱ ይላላል፣ ሁለቱን ስታጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። እርጥቡ ድም ይላል፣ ጭሱም ዓይን ያጠፋል። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶ፣ የዕቃ ቤት አሮጌ በር አታንድዱ፣ በተለይ ምግብ ሊጠበስበት ከሆነ። ቀለሙና ሙጫው መርዝ ነው። ግቢ ውስጥ ሮዝና ነጭ አበባ የሚያወጣ፣ ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን የሆነ ተክል አለ፣ ደፍላ ይሉታል። እሱ ከቅጠሉ እስከ ጭሱ መርዝ ነው። ሲከረከም ጓንት አድርጉ፣ ቅርንጫፉን አታንድዱ፣ ሥጋ መጥበሻ እንጨትም አታድርጉት።

በረሃ ላይ ደግሞ "ሂጂ እንጨት ለቅመሽ ነይ" ስትባሉ ዛፍ እንዳትቆርጡ። የአገሩን ዛፍ መቁረጥና እንጨቱን መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ከውጭ የገባ እንጨት በሱቅ ይሸጣል፣ እሱን ይግዙ። የተከመረ እንጨት ስታነሱ በባዶ እጅ አትግቡበት። ጊንጥ ከሥሩ ይተኛል። መጀመሪያ በዱላ ገልብጡት።

ስለ መጥረቢያ

አሁን የምነግራችሁ ሁለተኛው ስህተቴን ነው። የምሠራበት ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አንድ አሮጌ መጥረቢያ ነበር። አፉ ደንዝዟል፣ እጀታው ላይ ይወዛወዛል። እናቴ እንዲህ ሲሆን ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፈው ነበር፣ እንጨቱ አብጦ እንዲይዝ። እኔም ዘፈዘፍኩት። ያዘ። አምስት ስድስት ጊዜ መታሁ። ሰባተኛው ላይ ብረቱ ከእጀታው ወልቆ በጆሮዬ አጠገብ አለፈ፣ ግድግዳው ላይ ሴራሚኩን ሰበረ። ከሴራሚኩ ሥር የልጁ ብስክሌት ነበረች። ልጁ ለምሳ ገብቶ ነው። ልጁ ብስክሌቱ ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የት እንደምሆን አስቡት።

ውሃ የዘፈዘፈው እንጨት ሲደርቅ ተመልሶ ይላላል። የዚህ አገር ፀሐይ ደግሞ ቶሎ ያደርቀዋል። ስለዚህ የሚወዛወዝ መጥረቢያ በሽብልቅ ይጠበቃል፣ ካልሆነ እጀታው ይቀየራል፣ ካልሆነም ይጣላል።

መጥረቢያ ስታስገዙ ለጉልበታችሁ የሚሆነውን ምረጡ። ትልቁን ግንዲላ ለመፍለጥ ከ2 ኪሎ በላይ የሆነ፣ አፉ ወፍራም የሆነ ከባድ መጥረቢያ ያስፈልጋል። እሱ የኛ ሥራ መሆን የለበትም፣ የተፈለጠ እንጨት ይሸጣል። ለማቀጣጠያ የምትሆን ስንጥር ለማውጣት 1 ኪሎ የማትሞላ ትንሽ መጥረቢያ ትበቃለች። እጀታዋ ያልተሰነጠቀ፣ ብረቷ የማይነቃነቅ፣ አፏ የተሳለ ይሁን። ደንዛዛ መጥረቢያ አይቆርጥም ተብሎ አይናቅም። እንጨቱ ላይ ተንሸራቶ እግር ላይ የሚያርፈው ደንዛዛው ነው። በሞረድ ወደ አንድ አቅጣጫ እየገፋችሁ ሳሉት።

ስትፈልጡ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ አይሁን፣ ከሥሩ ሰፊ ግንድ አድርጉ። እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ። ትንሿን እንጨት በእጃችሁ ይዛችሁ አትምቱ፣ በሌላ ዱላ ደግፏት። ልጆችን አርቁ። የተዘጋ ጫማ አድርጉ፣ ሲፐር አይደለም። መነጽር አድርጉ፣ የሥራ መነጽር ርካሽ ነው፣ ዓይን ግን አይሸጥም። ስንጥር ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት፣ በንጹህ ውሃ አጥባችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ማቀጣጠልና ማጥፋት

ቤንዚን እሳት ላይ አታፍስሱ። የሚነደው ፈሳሹ ብቻ አይደለም፣ በዓይን የማይታየው ትነቱ ነው። እሳቱ በትነቱ በኩል ተመልሶ ጀሪካኑን ይይዛል። በጭራሮና በወረቀት፣ ወይም ለዚሁ ተብሎ በሚሸጠው ማቀጣጠያ አያይዙ። ከተያያዘ በኋላ ማቀጣጠያ አትጨምሩ።

ልብሳችንን እናስብ። ዓባያችን ሰፊ ነው፣ ጨርቁም አብዛኛው ናይለን የመሰለ ነው፣ እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እሳት ስታያይዙ እጅጌ ሰብስቡ፣ ሻርፕ ወደ ኋላ እሰሩ። ጓንቱ የቆዳ ይሁን። ዕቃ የምናጥብበት የላስቲክ ጓንት እሳት ላይ ይቀልጣል። ፍም በረጅም መቆንጠጫ ያዙ፣ በወጥ ማንኪያ አይደለም።

ማጥፋቱ ላይ ትልቁ ስህተት አሸዋ ማልበስ ነው። በረሃ ላይ ሁሉም እንዲህ ያደርጋል። አሸዋው ፍሙን አያጠፋውም፣ ይደብቀዋል። ከላይ ሲታይ መሬት ነው፣ ከሥሩ ለሰዓታት ይፋጃል። ጠዋት ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ይረግጠዋል። ጥፋቱ ደግሞ በማን እንደሚላከክ ታውቃላችሁ። ራቅ ብላችሁ ቀስ እያላችሁ ውሃ አፍስሱ፣ በእንጨት አማስሉ፣ ደግማችሁ አፍስሱ፣ እንፋሎቱ እስኪያቆም። አመድ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ወይም ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ትኩሱን አትጣሉ። ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ይደር።

የተቃጠለ ሰው ካለ በቧንቧ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ አቆዩት። የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ቡና አትቀቡ።

ሌላው የግቢ ሥራ

በአጭሩ ልንገራችሁ። ሆሽ በጎማ ስታጥቡ ባዶ እግራችሁን አትሁኑ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ ውሃ ላይ እንዳይተኛ እዩ። በግፊት የሚያጥበው ማሽን ቆዳ ይበሳል፣ ወደ ሰው አታዙሩት። መሰላል ሲደገፍ 4 ሜትር ከፍ ቢል እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፣ ከሥር የሚይዝ ሰው ይኑር። ቴምር ዛፍ ላይ መውጣት የባለሙያ ሥራ ነው፣ አትውጡ። ክሎሮክስን አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል።

ፀሐዩን ታውቁታላችሁ። በዚህ አገር ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5፣ በነሱ አቆጣጠር ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የድርጅት ሠራተኛ ፀሐይ ላይ እንዳይሠራ ተከልክሏል። ክልከላው የሚናገረው ስለ ድርጅት ነው፣ ፀሐዩ ግን የኛንም ራስ ያገኛል። "ማዳም፣ ግቢውን ጠዋት ልጠበው" ብላችሁ ጠይቁ። ሰዓት መቀየር ለሷ ምንም አያስወጣትም።

እንዴት እንጠይቅ?

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ብዙዎቻችን አደጋውን እያየን ዝም የምንለው መጠየቅ ስለምንፈራ ነው። "ሥራ ጠላች" ይሉኛል፣ "ወደ መክተብ ይመልሱኛል" ብለን። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

መጥረቢያው ከወለቀ በኋላ ብረቱንና የተሰበረውን ሴራሚክ ይዤ ለማዳም አሳየኋት። ሥራውን አልሠራም አላልኩም። "ማዳም፣ ሃዳ ኸጠር። ልጁ እዚህ ነው የሚጫወተው" ነው ያልኳት። ስለ ልጁ ስትሰማ ደነገጠች። በዚያው ሳምንት ትንሽ መጥረቢያ፣ የቆዳ ጓንትና መነጽር ተገዛ። ትልቁንም እንጨት ተፈልጦ የሚመጣውን መግዛት ጀመሩ። ሁሉም አሠሪ እንደዚህ ነው አልልም፣ የእናንተን እናንተ ታውቃላችሁ። ግን ሳንጠይቅ እንቢ ይሉናል ብለን የምንተወው ብዙ ነው። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። መሣሪያውን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ የተበላሸውን እያሳያችሁ፣ የሚያስፈልገውን አንድ ነገር በስሙ ጥሩ። "አብጋ ቁፋዛት" በሉ፣ ጓንት እፈልጋለሁ ማለት ነው። "ፈሕም ጁዋ፣ ላ፣ ኸጠር" በሉ፣ ከሰል ውስጥ አይግባ፣ አደጋ ነው ማለት ነው።

መብትም አለን። የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪው ለጤና አደገኛ የሆነ ሥራ እንዳያሠራ ይከለክላል። እንቢ ካሉና አደገኛ ሥራ ላይ ካስገደዷችሁ የሠራተኛ ጉዳይ ስልክ 19911 ነው። እሳት ከተነሳ 911፣ አምቡላንስ 997፣ የጤና ምክር 937። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፣ እኔ እጠብቃለሁ።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

ማኅበራችን ሰው ሲታመም ያዋጣል፣ ሰው ሲሞት አስከሬን ለመላክ ያዋጣል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የእድር ልጆች ነንና አንተውም። ግን አንድ አስከሬን ለመላክ የምናዋጣውን ገንዘብ አስቡት። ከዚያ ላይ ጥቂቷን አንስተን አራት የጋዝ መጠቆሚያ፣ አራት የቆዳ ጓንት፣ አራት የሥራ መነጽር እንግዛ። በአንድ ካርቶን ይቀመጥ። ከሽታ የምትሄድ እህት መጥታ፣ ፈርማ ትውሰድ፣ ስትመለስ ትመልስ። የጠፋባት እንደ አቅሟ ትተካ። የኔን መጠቆሚያ ዛሬ ካርቶኑ ውስጥ የመጀመሪያ አድርጌ አስገባለሁ።

አዲስ የመጡ ልጆችንም እንዳንረሳ። በየወሩ ከአገር ቤት የሚመጡ አሉ። እንደኔ እሳት አውቃለሁ ብለው ነው የሚመጡት። ክፍላቸው ውስጥ ፍም አስገብተው እንዳይተኙ በስልክም ቢሆን አንድ ቀን ንገሯቸው። ይሄን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩላቸው።

እታለም ለሽንት ባትነሳ ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። ለእናቴም የምትደውሉላት እናንተ ነበራችሁ። ብርዱ እየመጣ ነው። ፍሙ ውጭ ይደር።

 ሁላችንንም በሰላም ለአገራችን ያብቃን።